ብሬክፖይንት ፕሮግራሙን ሲገድለው

ከአምስት ቀን ትግል በኋላ ትናንት ማታ ፕሮግራሜ ብሬክፖይንት («እዚህ መስመር ላይ ቁም» የሚል ምልክት) ባስቀመጥኩበት መስመር ላይ ቆመ። የስሕተት መፈለጊያ መሣሪያዬን ጂዲቢን «ኢንፎ ትሬድስ» ብዬ ስጠይቅ ሰባቱም ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ተደርድረው ወጡ። ደስታው ሳይበርድ ልጻፈው።

ከርቀት ዲበግ ማድረግ፣ ማለትም በሌላ ማሽን ላይ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት መፈለግ፣ የጀመርኩት ከአራት ወር በፊት ነው። ጂዲቢ በላፕቶፑ፣ ረዳቱ ጂዲቢ ሰርቨር ፕሮግራሙ በሚሠራበት አርም ቦርድ (በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ሆነው በኔትወርክ ይገናኛሉ። አንድ ትሬድ ብቻ ላለው ፕሮግራም የአንድ ከሰዓት ሥራ ስለሆነ አልዘገይበትም።

የኔ ፕሮግራም ግን ከሴንሰሮች መረጃ የሚሰበስቡ ስድስት ሠራተኛ ትሬዶች አሉት። ዋናው ትሬድ በሚያልፍበት መስመር ላይ ብሬክፖይንት ሳስቀምጥ ይቆማል። ሠራተኞቹ በሚያልፉበት ላይ ሳስቀምጥ ግን ፕሮግራሙ በመቆም ፈንታ ይሞታል፤ ጂዲቢም ምክንያቱ ሲግትራፕ (ብሬክፖይንት ሲነካ ሲስተሙ የሚልከው ምልክት) ነው ይለኛል። ብሬክፖይንቱን ሳነሳው ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል።

ሦስት ቀን ሙሉ የራሴን ኮድ ወነጀልኩ። ኦፕቲማይዜሽኑን (ኮምፓይለሩ ኮዱን ለማፍጠን የሚያደርገውን ለውጥ) አጠፋሁ፣ የወረፋውን ሚውቴክስ (ትሬዶች በተራ እንዲገቡ የሚያደርገውን ቁልፍ) እንደገና ጻፍኩ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በሁለተኛው ቀን ሲጠይቀኝ «ልጨርስ ነው» አልኩት፤ አልነበረም። በአራተኛው ቀን እውነቱን ስነግረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ጂዲቢ ስንት ትሬድ ያያል?» አየሁ። አንድ!

ጂዲቢ ብሬክፖይንት ሲያስቀምጥ በዚያ አድራሻ ያለውን የማሽን ትእዛዝ አንስቶ በቦታው ወጥመድ ይተክላል። ትሬዶቹ የሚጋሩት ሜሞሪ አንድ ስለሆነ ወጥመዱን ማንኛቸውም ሊረግጡት ይችላሉ። የረገጠው ትሬድ ጂዲቢ ሰርቨር የሚከታተለው ከሆነ ፕሮግራሙ ይቆማል። የማያውቀው ከሆነ ግን ሲግትራፕን የሚቀበል አይኖርም፤ ተቀባይ ያጣ ሲግትራፕ ደግሞ መላውን ፕሮግራም ይገድላል።

ለምን አላወቃቸውም? ቦርዱ ላይ ያለው ጂዲቢ ሰርቨር ያረጀ ነው፤ ትሬዶችን የሚያገኘው ሊብትሬድ ዲቢ በሚባለው ላይብረሪ በኩል ነው። ይህ ላይብረሪ ትሬዶችን በሚያንቀሳቅሰው ሌላ ላይብረሪ፣ በሊብፒትሬድ ውስጥ «ኤንፒቲኤል ቨርዥን» የሚባለውን ስም ካላገኘ ሥራ አይጀምርም። የቦርዱ ሲስተም ሲዘጋጅ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ላይብረሪዎቹ ሁሉ ስትሪፕ በሚባለው መሣሪያ ተገፍፈዋል (የስሞች ሰንጠረዥና የዲበግ መረጃ ወጥቶላቸዋል)፤ ስሙም አብሮ ሄዷል።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በተገፈፈው ፈንታ ያልተገፈፈውን ሊብፒትሬድ ወስጄ የዲበግ መረጃውን ብቻ ቀነስኩለት፤ የስሞቹን ሰንጠረዥ አልነካሁም። ሊብትሬድ ዲቢም ከዚያው የግሊብሲ (ሁለቱም የሚገኙበት የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ቅጂ የመጣ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ያው ችግር ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ግሊብሲ 2.34 ጀምሮ ሊብፒትሬድ ወደ ሊብሲ (የግሊብሲ ዋና ፋይል) ስለተጠቃለለ፣ አዲስ ሲስተም ያላችሁ የምትፈትሹት ሊብሲን ነው።

ሁኔታ የተጨመረበትን ብሬክፖይንት (ሁኔታው ሲሟላ ብቻ የሚያቆመውን) ከርቀት መጠቀም አልወድም። ሁኔታው የሚመዘነው በላፕቶፑ ከሆነ፣ መስመሩ በተነካ ቁጥር ትሬዶቹ ሁሉ ቆመው የኔትወርክ ምልልስ ይጠብቃሉ፤ የትሬዶች እሽቅድምድም (ማን ይቅደም ማን በአጋጣሚ መወሰኑ) የወለደው ስሕተትም በዚያው ይሰወራል። ከጂዲቢ 7.5 ጀምሮ ምዘናውን ለቦርዱ መስጠት ይቻላል። የኔ ሰርቨር ስለማይችል ሁኔታውን ኮዱ ውስጥ በኢፍ እጽፍና ብሬክፖይንቱን እዚያው ውስጥ አስቀምጣለሁ። መልሶ ኮምፓይል ማድረግ ቢያሰለችም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

አንድ የምመልሰው ምክር አለ። ባለፈው ወር ለሁለት ጓደኞቼ «የጂዲቢን ስኬጁለር ሎኪንግ ሁልጊዜ አብሩት» ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሲበራ የያዛችሁት ትሬድ ብቻ ይራመዳል፣ ሌሎቹ ባሉበት ይደርቃሉ። የኔው ትሬድ የደረቀ ትሬድ የያዘውን ሚውቴክስ ሲጠብቅ፣ ቦርዱ ተበላሸ ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አስነስቼዋለሁ። አሁን የማበራው ለጥቂት መስመሮች ብቻ ነው፤ ሚውቴክስ ጋ ከመድረሴ በፊት አጠፋዋለሁ።