ምን እንደምሠራ ሳልወስን ዓሣ ልገዛ እወጣለሁ

ገበያ የምወጣው ብዙ ጊዜ ዝርዝር ጽፌ ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዘይት፣ መጠኑ ሳይቀር። ዓሣ የምገዛ ቀን ግን ወረቀቱ ላይ «ዓሣ» ብዬ አልፋለሁ። ይጠበስ፣ ይቀቀል ወይስ ምድጃ ይግባ? ያን የምወስነው ዓሣው ፊት ቆሜ ነው። ዛሬ ቱና ካልበላሁ ብሎ የወጣ ሰው፣ የሰነበተም ቢሆን ቱና ይዞ ይገባል። እኔ ግን ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን፣ ዛሬ የገባውን ዓሣ እመርጣለሁ።

ደግሞ ሙሉውን ነው የምገዛው። እህቴ እዚህ ላይ አትስማማኝም። እሷ ፊሌቶ ነው የምትወደው። አጥንት የለው፣ ቅርፊት የለው፣ ቤት እንደገባ መጥበሻ ላይ ነው። ለጥድፊያ ቀን እውነቷን ነው። ግን ፊሌቶ ማለት ማስረጃው ሁሉ ተቆርጦ የተጣለ ዓሣ ነው። ዓይኑን አታዩትም፣ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን አታዩትም፣ ሆዱን አትነኩትም። የሚቀራችሁ ሽታውና የሥጋው መልክ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ዓይኑን አይቶ ይገዛል። ጥርት ያለና ወደ ውጭ ጎላ ያለ ዓይን ጥሩ ምልክት ነው። የገባና የደፈረሰ ከሆነ ሰንብቷል ይባላል። ግን በረዶ የነካው ዓይን ገና በጊዜው ሊደፈርስ ይችላል። ስለዚህ እኔ በዓይን ብቻ አልፈርድም። የማምነው ስንጥቡን ነው። የጉንጩን ክዳን በአውራ ጣቴ ገለጥ አደርጋለሁ። ከሥሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት ቀጫጭን ነገሮች ደም የመሰሉ ቀይ፣ እርጥብና አንድ በአንድ የሚለዩ መሆን አለባቸው። ልጋጉም ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ቀን በገፋ ቁጥር ቀዩ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ አመድማ ይሄዳል። ልጋጉ ይወፍራል፣ ይደፈርሳል፣ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ስንጥቡ ተነቅሎ የወጣ ዓሣ ካየሁ መቼ እንደተነቀለ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ከዚያ ጣቴን ጀርባው ላይ ጫን አደርጋለሁ። የተጫንኩበት ቦታ ወዲያው ከሞላ ደህና ነው፤ ጉድጓዱ ከቀረ ትቼው እሄዳለሁ። ሆዱንም እነካለሁ፤ መበላሸት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሆድ ዕቃው ነውና። በጭንቅላቱ ስታነሱት ሳይጎብጥ ደርቆ የሚቆም ዓሣ ካጋጠማችሁ ደግሞ አትሽሹ። ከሞተ ብዙ አልቆየም ማለት ነው።

ሽታውን በተመለከተ፣ «ዓሣ ዓሣ ይሸታል» የምንለው ነገር የትኩስ ዓሣ ሽታ አይደለም። የባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ነገር አለ። ዓሣው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያ ይህን ወደ ትራይሜቲላሚን ይለውጠዋል፤ አፍንጫ የሚያስይዘው እሱ ነው። ሎሚ ሽታውን ያስረዋል፣ ዓሣውን ግን አያድሰውም። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ያ ንጥረ ነገር እምብዛም ስለሌለው ሽታውን ብቻ ማመን አይቻልም። አንዳንዴ የሚመጣው የጭቃ ሽታ ግን ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ነው እንጂ ከመበላሸት አይደለም።

ሻጩን «ትኩስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም። መልሱ ሁሌም አዎ ነው። «መቼ ገባ?» እና «በፍሪዘር የቆየ ነው?» ብትሉት ይሻላል። እኔ ደንበኛ የሆንኩት አንድ ዓሣ እያገላበጥኩ ሳለሁ «እህቴ፣ ያን ተይው፣ የትናንት ነው» ካለኝ ሰው ጋር ነው። አሁን «ወንድሜ፣ ዛሬ ምን ይዘሃል?» እለዋለሁ፤ የሰጠኝንም ስንጥቡን አይቼ እወስዳለሁ። አደራ፣ በፍሪዘር መቆየት ነውር አይደለም። እንደተያዘ ወዲያው የቀዘቀዘ ዓሣ ለቀናት ከተንገላታ «ትኩስ» ይሻላል። በየመደቡ የምናየው ሽሪምፕም ብዙው ቀዝቅዞ የነበረና የቀለጠ ነው። እንደዚያ ከሆነ ገና ያልቀለጠውን ገዝቼ ቤቴ ፍሪጅ ውስጥ ባቀልጠው እመርጣለሁ።

እንደ ሙሰልና ኦይስተር ያሉትን፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳት፣ በሕይወት እያሉ ብቻ ነው የምገዛው። አፉን የከፈተ ካለ ነካ አደርገዋለሁ። ካልዘጋ አልወስደውም። ቤት ስደርስ እርጥብ ጨርቅ አለብሳቸዋለሁ እንጂ ፌስታል ውስጥ አልቋጥርም፤ አየር ያጥራቸዋል።

በጣም የምጠነክረው ቱና፣ ማከሬልና ሳርዲን ላይ ነው። እነዚህ ሙቀት ላይ ከቆዩ ባክቴሪያ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይሠራል። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ይረብሸዋል። ሂስታሚኑ አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ መጥበስም፣ መቀቀልም፣ ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ሽታውና መልኩ ደህና ሆኖ እንኳ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ያለ በረዶ የተዘረጋ ቱና በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም። ልጆች ላሉት ቤት ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ዓሣ የምገዛው ሌላውን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ በረዶም አስጨምሬ። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የሚቀልጥ በረዶ ግን 0። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ዓሣ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ብርድ የለመዱ ናቸው፤ 4 ዲግሪ ብዙም አያግዳቸውም። በረዶ ላይ የተኛው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ይቆያል። እኔ ወንፊት ላይ በረዶ አድርጌ ዓሣውን በላዩ አስተኛለሁ፤ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አለ። ውሃው ይወርዳል፣ ዓሣው አይዘፈዘፍም።

ሻጩ ሲያጸዳልኝ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለይቶ ያስቀምጥልኛል። ስንጥቡን አወጣለሁ፤ ሾርባውን ያመርረዋል። የቀረውን በደንብ አጥቤ በቀዝቃዛ ውሃ እጥደዋለሁ፣ ሽንኩርትና ትንሽ ቅጠል ጨምሬ። እሳቱ ለስለስ ያለ ይሁን፣ ከግማሽ ሰዓትም አይለፍ። አረፋውን ከላይ ከላይ እገፍፋለሁ። አጥልዬ የማልጨርሰውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፊሌቶ ወዳዷ እህቴም ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ሾርባ ነው።