የማርያም መግደላዊት ፀጉር

ዛሬ ፍሎረንስ ነው የዋልኩት። የካቴድራሉ ሙዚየም ውስጥ የጣልያናዊውን ቀራጺ የዶናቴሎን የማርያም መግደላዊት ሐውልት ካየሁ በኋላ ሌላውን ክፍል ለማየት እግሬ እምቢ አለኝ።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከእንጨት የተቀረጸች ናት። በጾም ብዛት ጉንጯ ገብቷል፣ ጥርሷ ወላልቋል። እጆቿ ለጸሎት ሊገጥሙ ጥቂት ነው የቀራቸው፤ በመዳፎቿ መሀል ያለችውን ክፍተት ስመለከት ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1966 የአርኖ ወንዝ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ባለው ክርስትና ቤት ውስጥ ነበረች። ጭቃና ናፍጣ የተቀላቀለበት ጎርፍ ደረሰባት። እንዲህ ያለ ሐውልት ደግሞ እንጨት ብቻ አይደለም፤ በላዩ የጠመኔና የሙጫ ልባስ፣ ከዚያም ቀለምና ወርቅ አለው። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ልባሱ ግን አብሮት መሄድ ስለማይችል እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ለዚህ ነው ቶሎ ማድረቅ ከጎርፉ የማይተናነስ ጉዳት የሚያደርሰው።

ባለሙያዎቹ ሲያጸዷት ታዲያ፣ በኋላ ዘመን የተቀባባት ቡናማ ቀለም ተነሥቶ የቆዳዋ መልክና በፀጉሯ ላይ የተሰመረው ወርቅ ወጣ!

እኛ ጋ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል "ይታደስ" ተብሎ በአዲስ ቀለም ሲሸፈን ማየት ሁሌም ያመኛል። እባካችሁ፣ ከመቀባታችን በፊት ባለሙያ እንጥራ።

ፍሎረንስ የምትመጡ፣ ሙዚየሙ ከካቴድራሉ ጀርባ ነው። ፀጉሯን ጠጋ ብላችሁ እዩት።