ፒያሳ ላይ የሰማሁት የኢላማ ተኩስ ወግ

ከደሴ አዲስ አበባ የመጣሁት አጎቴን ለማየት ነው። ጋሼ ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖረው ተመልሰዋል። ጠዋት ከአራት ኪሎ በእግር ወደ ፒያሳ ወጣን። የማውቃቸው ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንገዱም ሰፍቷል። ጊዮርጊስ ጋ፣ ከምኒልክ ሐውልት ፊት ቆመን ስለ አድዋ ጊዜ ጠመንጃዎች፣ ስለ ውጅግራ አወራን። በዚያው ጋሼ ወደሚወዱት የኢላማ ተኩስ ውድድር፣ ወደ ቤንችረስት ገቡ።

ቡና ቤት ገብተን ማኪያቶ አዘዝን። ሶፍት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። ተኳሹ ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል፤ ጠመንጃው አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ያርፋል። 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ርቆ ባለ ወረቀት ላይ 5 ጥይት ይተኮሳል። ዋናው ጉዳይ 5ቱ ምን ያህል ተጠጋግተው አረፉ የሚለው ነው። በጣም የተራራቁት ሁለቱ ከመሀል እስከ መሀል ይለካሉ። አሜሪካዊው ተኳሽ ማክ ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ1973 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 0.009 ኢንች ነበር። ሩብ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም! 40 ዓመት ቆይቶ በ2013 ማይክ ስቲኔት በ0.0077 ሰበረው።

ውድድሩ አሜሪካ ውስጥ የተደራጀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ያኔ ሁሉም የራሱን ሐሳብ ይዞ ይመጣ ነበር። ቀለሁን ባሩድና አረር ሞልተው ጥይቱን የሚያዘጋጁት ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ናቸው፤ እዚያው ሜዳው ላይ። በ1975 ገደማ ሐኪሙ ሉ ፓልሚሳኖና ፌሪስ ፒንዴል 6 ፒፒሲ የተባለውን ጥይት ሠሩ። የቀለሁ ዘር ሲቆጠር እኛ ከምናውቀው የክላሽ ጥይት ይደርሳል። በጣም ገረመኝ።

6 ፒፒሲ ሌሎቹን ጥይቶች ከሞላ ጎደል ከሜዳ አስወጣ። የጋሼ ቁጭት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «አንተ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይዞ ሲመጣ ምን ይፈለሰፋል?» አሉኝ። ለእኔም አሳማኝ ነው። ፍለጋው ሲያልቅ የተረፈው ወጪው ብቻ ነው፤ ጥሩ በርሜል ውድ ነው፣ ያውም ያልቃል። ወጣቶቹ እየተንቀሳቀሱ ሩቅ ኢላማ ወደሚመቱበት ውድድር ሄዱ። ጋሼ አይቀየሟቸውም። የሚያሳዝናቸው የነፋሱ እውቀት ነው። ሜዳው ላይ ትንንሽ የነፋስ ባንዲራዎች ይተከላሉ። ባንዲራዎቹ ሲዞሩ መቼ እንደሚተኮስ፣ መቼ እንደሚጠበቅ የተማሩት አጠገባቸው ከተቀመጡ አንጋፋዎች ነው። ብዙዎቹ አሁን በሕይወት የሉም።

በቸርችል ጎዳና ስንወርድ ይህን እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። እሺ ብለውኛል።