በጾም መሃል ኮሌስትሮሌ ለምን ከፍ አለ? የዘይታችን ነገር

ደሜን የተመረመርኩት በዐቢይ ጾም መሃል ነው። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ 162 ሆኖ መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ቅቤና ጮማ ቀንስ» አለኝ። ቅቤ ከቀመስኩ እኮ ወር አልፎኛል! ሥጋማ አይነሳ። ኤልዲኤል ደግሞ አመጋገብ ሲለወጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው የሚለወጠው፤ ስለዚህ በጥምቀት የበላሁት ዶሮ ወጥ ላይ ማላከክ አያዋጣም።

በየቀኑ የምበላውን ልመዝግብ ብዬ ነበር። ግን ከአንድ ትሪ ለአራት የሚበላ ሰው ድርሻውን በምን ይለካል? ሳህኑን ትቼ በወር ወደ ቤት የሚገባውን ቆጠርኩ። እኛ አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችንና እናቴ። በጾም ወር አንድ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን የረጋ ዘይት ያልቃል። በፍስክ ወር ደግሞ አንድ ኪሎ ያህል ንጥር ቅቤ ይገባል፣ ዘይቱም ብዙ አይቀንስም።

ከዚያ ሒሳብ ነው። የረጋ ዘይት የምንለው ከማሌዢያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው የፓልም ዘይት ነው፤ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ሳቹሬትድ ቅባት፣ ማለትም ቶሎ የሚረጋውና ሲበዛ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። 5 ሊትሩን ለአራት ሰው፣ ለ30 ቀን ስታካፍሉት በነፍስ ወከፍ በቀን ወደ 17 ግራም ሳቹሬትድ ይደርሳል። ንጥር ቅቤ ከመቶ 60 በላይ ሳቹሬትድ ቢሆንም አንድ ኪሎዋ በዚሁ ስሌት 5 ግራም ገደማ ብቻ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሳቹሬትዱ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም መሆኑ ነው። ለካስ ቅቤዋን ስናማ ኖረን አብላጫውን የሚያመጣው ጄሪካኑ ነበር።

ጄሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ተለጥፎበታል። ውሸት አይደለም። ከተክል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ጣጣው ሌላ ነው፦ ሳቹሬትድ ቅባት ሲበዛ ጉበታችን ኤልዲኤልን ከደም እየለቀሙ የሚያስገቡ ተቀባዮቹን ይቀንሳል፣ ኤልዲኤሉም ደም ውስጥ ሲዞር ይቆያል፣ ቀስ እያለም የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይገባል። እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት ብራውንና ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል።

ኬሚስትሪውን ጎንደር በክረምት በነፃ ታስተምራለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት ጄሪካኑን አንሱት፤ ታችኛው ግማሽ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ሳቹሬትድ ማለት በሰንሰለቱ ላይ ያሉት ካርቦኖች የሚችሉትን ያህል ሃይድሮጅን ይዘዋል፣ በመሃላቸው ድርብ ትስስር የለም ማለት ነው። ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ተፈለጠ ማገዶ ተጠጋግቶ ይደረደራል፣ ቶሎም ይረጋል። ድርብ ትስስር ሲገባበት ይጎብጣል፤ ጎባጣ ደግሞ ተጠጋግቶ አይከመርም። ስቴሪክ አሲድና ኦሌይክ አሲድ ሁለቱም 18 ካርቦን አላቸው። የመጀመሪያው የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለተኛው አንድ ድርብ ትስስር ስላለው ብቻ በ13 እና በ14 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። (ስቴሪክ ራሱ ኤልዲኤልን ብዙም አይነካም። ፓልም ውስጥ የሚበዛው ባለ 16 ካርቦኑ ፓልሚቲክ ግን ይነካል።)

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «አያትህ ቅቤ እየጠጣ ነው ዘጠና የገባው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን አያቴ በጾም ተልባና ሱፍ ነበር የሚበላው፤ ጄሪካን የሚባል ነገር አያውቅም። ይህን ስላት ዝም አለች፣ ከዚያ «እንግዲያው ኑግ ግዛ» አለች። ቤታችን ውስጥ ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ኑግ ከአካባቢው መጭመቂያ ቤት መግዛት ጀመርን። ሳቹሬትዱ ከአምስት እጅ አንዱን ቢጠጋ ነው፤ የሚበዛው ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ዋጋው ግን ያንገበግባል። ስለዚህ መጠኑንም መቀነስ ግድ ሆነ፣ ወደ 3 ሊትር አወረድነው።

የቀነስነው ሽንኩርቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ይከተፋል፣ በደረቅ ድስት ይገባል፣ ሊይዝ ሲል ጠብ እያደረጉ ውሃ ነው፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እኮ ድሮም እንዲህ ነው የሚበስለው። ቡናማ ሲል በርበሬው፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ዘይት ለቁሌቱ። ሽሮው ከተንተከተከ በኋላ በላዩ ሌላ ግማሽ ማንኪያ ጥሬ ኑግ ጣል ይደረጋል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። በፍስክ ቅቤውም እንዲሁ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ላይ ሦስት ማንኪያ ከምትፈጅ፣ መጨረሻ ላይ አንዷ ጣዕሟ ይበልጣል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኑግ ድርብ ትስስሩ ስለሚበዛ አየርና ብርሃን ቶሎ ያበላሹታል፤ በትንሹ ግዙ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፣ ለጥብስ ደጋግማችሁ አታንድዱት። ሁለተኛው ይብሳል፦ ቅባቱን ቀንሳችሁ ቦታውን በነጭ ዳቦና በስኳር ሻይ ከሞላችሁት ለልብ የምታተርፉት የለም። ልዩነት የሚያመጣው እንደ ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ ባለ ዘይት ወይም በባቄላና በምስር ሲተካ ነው። እኔ ጠዋት በሻይ የምበላውን ብስኩት ትቼ ቆሎ ይዣለሁ፤ ምንም አልጎደለብኝም ብል ዋሸሁ።

ሁለተኛውን ምርመራ ሆን ብዬ በሰኔ ጾም መጨረሻ አደረግኩት፣ ጾምን ከጾም ጋር ለማወዳደር። 141 መጣ። ተአምር አይደለም፣ ግን ያለ መድኃኒት ነው። ስኳርም ግፊትም ስለሌለብኝ፣ ሲጋራም ስለማላጨስ ሐኪሙ በዚሁ ቀጥል ብሎኛል። የልብ ሕመም ኖሮት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን ኑግ ገዛሁ ብሎ ኪኒኑን እንዳያቆም። አሁን ያልፈታሁት የምሳ ነገር ነው፤ መሥሪያ ቤት አካባቢ የምንበላበት ምግብ ቤት በያይነቱ በምን ዘይት እንደሚሠራ ስጠይቅ አስተናጋጇ «ጋሼ፣ የጾም ነው» ነው የምትለኝ።