ደሞዜን ይዤ ወደ ሥዕል የገባሁበት መንገድ

ድሬዳዋ ውስጥ «ሥዕል እሥላለሁ» ካላችሁ ቀጣዩ ጥያቄ የታወቀ ነው። «እሺ፣ ሥራሽስ ምንድነው?» ለዚህ መልስ አላጣም። የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የከበደኝ ለራሴ የማቀርበው ጥያቄ ነበር፤ ሁለቱን ይዤ እስከ መቼ?

ቤተሰቡም ጓደኛውም የየራሱ መልስ ነበረው። አጎቴ የባቡር ጡረተኛ ነው። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በእሱ ትውልድ ቤት ቋሚ ደሞዝና ጡረታ ቀልድ አይደሉም። «ልጄ፣ ሥዕሉ የትም አይሄድም። የመንግሥት ሥራ ግን አንዴ ከወጣሽ መመለሻው ይቸግራል» አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ «አቦ ልቀቂው! ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንኳን ትቶት የለ?» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው። ሐረር የተወለደው ሠዓሊና ገጣሚ ዩኒቨርሲቲ የገባው ሳይንስ ሊማር ነበር። የጀመረውን የግብርና ትምህርት አቋርጦ ወደ ሥዕል ሄደ። ግን ታሪኩን እዚያ ላይ ያቆሙታል። ከዚያ በኋላ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕልን በወጉ ተምሯል። ሲመለስ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ትልቁ ሠዓሊያችን እንኳን መምህር ነበር። ይህን ሳስብ «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ልክ አልመስል አለኝ።

ሥራዬን ለመልቀቅ ወደ መወሰኑ ተቃርቤ ሳለሁ 2014 ዓ.ም. መጣ። ወባ በበጋ ከተማችንን አጥለቀለቃት። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና የውሃ ታንከር ይበቃታል። የውሃ ችግር ባለበት ከተማ ደግሞ ውሃ የማያጠራቅም ቤት የለም። ላቦራቶሪው በር ላይ ሰልፉ አያልቅም ነበር። ደሙን ስላይድ ላይ ትቀባላችሁ፣ ታደርቃላችሁ፣ ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ ታለብሱታላችሁ፣ ጠብቃችሁ በውሃ ታጥቡታላችሁ። ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፑ መቶ እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ ስታዩት፣ ፈዛዛዋ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት አለች፤ የወባዋ ተሕዋስ ናት። ቀለበቷ ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ነጥብ። ያቺን ነጥብ ካገኘሁ በሽተኛው መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ይህን ሥራ እንደምወደው ገባኝ። የጎደለኝ ለሥዕል የሚሆን ሰዓት ነበር።

ስለዚህ ሥዕልን በሥራ ዓይን መፈተን ጀመርኩ። ሁሉም ሰው የሥዕልን መጨረሻ ይወዳል። እኔ አሰልቺውን ክፍል እወደው እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። አቡጀዲ ገዝቶ እንጨት ላይ መወጠር፣ ኮላና ነጭ ቀለም ደራርቦ መቀባት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። በድሬ ሙቀት አክሪሊክ ገና ሳትነኩት ይደርቃል፤ ውሃ እየረጫችሁ ነው የምትሠሩት። እስከ ሰውነቴ ድረስ ደከመኝ፣ ግን አልሰለቸኝም። ይሄኛው ፈተና ደስ አሰኘኝ።

ሁለተኛው ፈተና ገበያው ነበር። እዚህ የሚሸጠው ከፎቶ ተመልክቶ የሚሠራ የሰው ምስል ነው፤ ለሠርግ፣ ለምርቃት። ጥቂት ትእዛዝ ተቀብዬ ሠራሁ፤ ገንዘቡም መጣ። ክፋት የለውም፤ በዚህ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎችን አከብራለሁ። እኔ ግን መሣል የምፈልገው የቀፊራን ገበያ ነው። ላቦራቶሪውን ብለቅ የቤት ኪራዬን የሚከፍለው የፎቶ ምስል ይሆናል፣ ቀፊራ ደግሞ ለትርፍ ጊዜ ትቀራለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ደሞዙ የማልፈልገውን ሥዕል «እምቢ» የምልበት አቅሜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ነው። ዕቁብ ገባሁ። ሲደርሰኝ ከፊሉን ለቀለም፣ ቀሪውን ለክፉ ቀን አስቀመጥኩ። ከዚያ የመንግሥቱን ሥራ ለቅቄ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚያሠራኝ የግል ክሊኒክ ፈለግሁ። ደሞዙ ከሙሉ ቀኑ ያንሳል። አጎቴን ያሳመነው የጡረታው ነገር ነው። ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም ጡረታ አለው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መዋጮው በየወሩ ገቢ መሆኑን እየተከታተለ የሚጠይቀኝ እሱ ነው።

ለተመሳሳይ ውሳኔ ለተዘጋጀ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፤ ሰዓታችሁን ውል ላይ አስጽፉ። በቃል የተስማማችሁት «ከሰዓት ብቻ» አንድ ባልደረባ በታመመ ቀን ይፈርሳል። የእኔ ውል ላይ የመግቢያዬም የመውጫዬም ሰዓት ተጽፏል። ለቤተሰብም እንደዚያው ነው። እናቴ ጠዋት ቤት መሆኔን ስታይ ሥራ የፈታሁ መስሏት ወደ ገበያ ትልከኝ ነበር። «እማዬ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ» ማለትን ለመድኩ። እሷም ለመደችው፤ አሁን ጎረቤት ሲመጣ «ሥራ ላይ ናት» ብላ የምትመልሰው እሷ ናት።

በቅርቡ አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ከፎቶ የሚሠራ ትልቅ ምስል እንድሠራለት ጠየቀኝ። ክፍያው ጥሩ ነበር። አመስግኜ ለሌላ ሠዓሊ አስተላለፍኩት።