«ያን ክኒን አካፍዪን» ለምትሉኝ

ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «አሜሪካ እየኖርሽ ወገብሽ እንዴት አልዳነም?» ቀጥሎ ድምፅ ዝቅ ይላል። «እታለም፣ ያን ጠንካራውን ክኒን ለአያ ትንሽ ብታካፍዪልን።»

አላካፍልም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምሠራው ቨርጂኒያ፣ ነርሲንግ ሆም በሚሉት የአዛውንት መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው። አንድ አዛውንት ከአልጋ ሲነሡ ተንሸራተቱ። ደግፌ ያዝኋቸው። እሳቸው ተረፉ፣ የእኔ ወገብ ተጎዳ። እኛ እንስራና ጭራሮ ተሸክመን ያደግን ነን፤ አመመኝ ማለት አይሆንልንም። እዚያ ደግሞ ሐኪሙ «ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምሽ ስንት ነው?» ይላል። የኛ ሰው ጥርሱን ነክሶ «ሦስት» ይላል። ያ ሦስት ይጻፋል፣ ኢንሹራንሱ ጋ ይደርሳል። ካሳውን የሚወስነው ሰው ፊታችሁን አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ሕመሙ ሲከርምብኝ ወደ ሕመም ክሊኒክ ላኩኝ። ሃይድሮኮዶን የሚባል፣ ኦፒዮይድ ከሚሉት ሱስ ከሚያሲዝ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ወገን የሆነ መድኃኒት አዘዙልኝ። መጀመሪያ ግን ውል አስፈረሙኝ። ከአንድ ሐኪም፣ ከአንድ ፋርማሲ ብቻ። ጠፋብኝ ቢሉ አይተካም። በተጠሩ ቀን ይዘው ይቀርባሉ፣ ክኒኑ ይቆጠራል። ሽንትም ይመረመራል።

የተዋረድሁት እዚህ ላይ ነው። ቦርሳዬን ተቀበሉኝ። ጃኬቴን አስወለቁኝ፣ ኪሴን አስገለበጡኝ። የእጅ መታጠቢያው ውኃ ተዘግቷል። የሽንት ቤቱ ውኃ ሰማያዊ ቀለም ተጨምሮበታል፤ ሰው ውኃ ቀላቅሎ እንዳያታልል ነው። ኩባያው ጎን ላይ ሙቀት የሚለካ ነገር ተለጥፏል፤ ሽንቱ አሁን የወጣ ካልሆነ ያሳብቃል። ሠራተኛዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሞቃቱን ኩባያ ይዤ በሰው ፊት ስወጣ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። የሰው ዕቃ ሳልነካ ያደግሁ ሴት፣ ሥራ ላይ በተጎዳሁ እንደ ሌባ ተፈተሽሁ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ምክንያታቸው ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን ዓይነት ክኒን እንደ ልብ ሲያዙ ቆይተው ስንቱ ቤት ፈረሰ። ኦክሲኮንቲን የሚባለውን የኦፒዮይድ ክኒን ይሸጥ ከነበረው ከመድኃኒት አምራቹ ከፐርዱ ወገን ያለው ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ሱስ አደጋው ሰው ማሳሳቱን ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። ያኔ የተዝረከረከው ዛሬ በእኛ ላይ ይጠብቃል።

መድኃኒቱ ትንፋሽ ያዘገያል። ሲበዛ፣ ወይም ከአረቄ፣ ወይም ከእንቅልፍና ከጭንቀት ክኒን ጋር ሲገናኝ፣ ሰው እንደተኛ ሊቀር ይችላል። ሰውነት ሲለምደው ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። በአንዴ ሲያቆሙት ደግሞ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል። እየወሰዱት ሳለም ሆድ ያደርቃል። በዚያ ላይ የእኔው ክኒን ውስጥ ፓራሲታሞል አለበት፤ ሌላ ፓራሲታሞል ሲደረብበት ጉበት ይጎዳል። ማታ ማታ አንድ መለኪያ አረቄ ለሚወዱት ለአያ ይህን ነው ስጪ የምትሉኝ? ለሌላ ሰው መስጠት ደግሞ ወንጀል ነው። ሲቆጠር ቢጎድል ሕክምናዬን አጣለሁ።

ወገቤን ያነሣኝም ክኒኑ አይደለም። ክኒኑ ሕመሙን ያደበዝዘዋል። በእግሬ ያቆመኝ ፊዚዮቴራፒው ነው። አሁን ሐኪሜ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ ነው። እናቴ ግሽ ዓባይ ጸበል ካልሄድሽ ትላለች። እሄዳለሁ፣ በደስታ። ተጠምቀሻልና ክኒኑን ዛሬውኑ ጣይው የሚለኝን ግን አልሰማም።

የጎረቤታችን ልጅ ሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ትራማዶል ከኪሱ እየገዛ ይውጣል። ትራማዶልም ከዚያው ከኦፒዮይድ ወገን ነው። «አሠሪህስ?» ብዬ ስጠይቀው «ምን አገባው?» አለኝ። እንዴት አያገባውም! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ማሳከሚያውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። መሥራት ላልቻለም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። አገራችን ሕግ አላት፤ የሚጠይቃት ነው የጠፋው።

ወደ አሜሪካ ልትሄዱ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ በዚያው ቀን ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ቨርጂኒያ ላይ ለማሳወቅ 30 ቀን፣ የካሳ ጥያቄ ለማስገባት 2 ዓመት ነው ያላችሁ። አሠሪው ቢያንስ የ3 ሐኪሞች ዝርዝር ይሰጣችኋል፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ካሳው የደመወዛችሁን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የሚከፈሉት ከሥራ የቀራችሁበት ጊዜ ከ3 ሳምንት ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሣምንት አስቤዛ ይኑራችሁ። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የሕመሙን ቁጥር ስትናገሩ ኩራቱን በር ላይ ተዉት። ጎንበስ ብላችሁ ጫማ ማሰር ካቃታችሁ እሱኑ ተናገሩ።

ክኒኑ ከታዘዘላችሁ ቆልፉበት። ክኒኑ በዝቶ ትንፋሽ ሲያዳክም የሚመልሰው፣ ናሎክሶን የሚባል በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒትም ቤት ይኑራችሁ፤ እዚያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። የት እንዳስቀመጣችሁትና እንዴት እንደሚረጭ አብሯችሁ ለሚኖረው ሰው አሳዩት። ትንፋሻችሁ ሲዳከም መድኃኒቱን አንሥቶ የሚረጭላችሁ ያ ሰው ነው፣ ከዚያም ቶሎ ወደ አሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ 911፣ ይደውል።