ለልጆች የእንግሊዝኛ ቃላት ፍቺ ሳዘጋጅ የተማርኩት

ለጀማሪ ልጆች የእንግሊዝኛ ቃላትን በዚያው በእንግሊዝኛ መፍታት ስጀምር አስቀድሜ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ልጆቹ ያልተማሩት ቃል ፍቺው ውስጥ አይገባም። ሐሳቡ የቆየ ነው። ማይክል ዌስትና ጄምስ ኢንዲኮት እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን የጻፈው በ1,490 ቃላት ብቻ ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን ይኼም ይበዛል። ስለዚህ ልጆቹ ያወቁትን ቃል እየመዘገብኩ በዚያው ውስጥ እጽፋለሁ።

ፍቺው ይሠራ እንደሆነ የማየው ቃሉን ደብቄ ነው፤ ፍቺውን አነባለሁ፣ እነሱ ቃሉን ይገምታሉ። ለ«ቼር» «የምንቀመጥበት ዕቃ» ስላቸው አንዱ «ቤድ» አለ። አልጋ ላይም እኮ ይቀመጣል! ሌላዋ «ሶፋ» አለች። «ለአንድ ሰው ብቻ ነው» የሚለውን ስጨምር ሁለቱም ወጡ። የቀረው መደገፊያ የሌለው በርጩማ ነበር። «መደገፊያ»ን በእንግሊዝኛ ገና አልተማሩም፤ «ጀርባ»ን ግን ያውቃሉ። «ጀርባህ የሚያርፍበት ቦታ አለው» ብዬ ጨረስኩት። እንዲህ ዓይነቱን ፍቺ ከየትኛውም ወፍራም መዝገበ ቃላት አስበልጠዋለሁ፤ ልጁ ራሱ ደርሶበታላ።

ለግሦች ከፍቺ ይልቅ ሁኔታ ይሻላል። «ቦሮው»፦ እርሳስ የለህም፤ ጓደኛህ የሱን ይሰጥሃል፤ ጽፈህ ስትጨርስ ትመልስለታለህ። «ሌንድ» ያው ታሪክ ነው፣ በጓደኛው በኩል ሲታይ። ሁለቱን በአንድ ቀን አላስተምርም፤ አንዱ ሳይረጋ ሌላው ከመጣ ይምታታባቸዋል።

በጣም የምጠነቀቀው የስሜትና የጠባይ ቃላት ላይ ነው። «ብሬቭ»ን «የማይፈራ» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ አጭርም ቀላልም ነው። ግን ልክ አይደለም። መርፌ ፈርቶ እያለቀሰ ክንዱን የዘረጋ ልጅ ይኼን ሲሰማ ቃሉ እሱን እንደማይመለከት ያስባል። የጻፍኩት «እየፈራህም ቢሆን ማድረግ ያለብህን ስታደርግ» የሚለውን ነው። ለልጅ የሚሰጥ ፍቺ እውነቱን ሳይሸራርፍ ማጠር አለበት፤ ካልሆነ ይርዘም።

«ዘ» እና «ኦፍ» የመሳሰሉትን ግን አልፈታም። የሚያውቋቸው ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አስገብቼ ደጋግሜ አነብላቸዋለሁ፤ አገባባቸውን ከዚያው ይለምዱታል።